ለቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ልብስ ስለ መምረጥ

ፎቶግራፍ ቤት ለመሄድ የተነሣ ቤተ ሰብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ልብስ ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «የትኛው ልብስ ያምራል?» ብለን እንጂ «የትኛው ልብስ ፊታችንን ያሳያል?» ብለን አይደለም። እኔ ይህን ልዩነት የተረዳሁት ባለፈው ዓመት የትንሣኤ ሰሞን የቤታችን ሰዎች አብረን በተነሣን ጊዜ ስለ ሆነ፥ ያገኘሁትን ትምህርት ለጓደኞቼና ለወላጆች ለማካፈል ይህን ጽፌአለሁ።

የልብስ ነገር ከፎቶግራፍ ጋራ አብሮ የተወለደ ችግር ነው። የዳጌር ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1839 በፓሪስ ለሕዝብ ከተገለጸ በኋላ፥ ለብዙ ዓመታት ምስሉ የሚያርፍበት ሰሌዳ ሰማያዊውን ብርሃን አብዝቶ፥ ቀዩን ግን እምብዛም አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ሰማያዊ ልብስ ነጭ፥ ቀይ ልብስ ደግሞ ጥቁር መስሎ ይወጣ ነበር። ጀርመናዊው ኸርማን ፎግል እ.ኤ.አ. በ1873 ማቅለሚያ በመጨመር ሰሌዳው ሌላውንም ብርሃን እንዲቀበል ማድረግ እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ ችግሩ እያደር ቀነሰ።

የዛሬ ካሜራ ቀለምን ሁሉ ይቀበላል፤ ነገር ግን እርሱም የራሱ ጠባይ አለው። ብርሃኑን በራሱ ሲለካ፥ በፊቱ ያለው ሁሉ ተደምሮ መካከለኛ ግራጫ እንደሚሆን አድርጎ ይገምታል። እንግዲህ ስድስት ሰዎች ነጭ የአገር ልብስ ለብሰው ቢቆሙ፥ ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ሥዕሉን ያጨልመዋል፤ በዚያን ጊዜ ከልብሱ ይልቅ የሚጎዳው ጠይሙ ፊታችን ነው። ሁሉም ጥቁር ቢለብሱ ደግሞ ብርሃን ይጨምርና ፊት ይገረጣል። ዐዋቂ ፎቶግራፍ አንሺ ብርሃኑን ከፊት ላይ ለክቶ ይህን ያርማል፤ ዳሩ ግን ለፊት ሲል ብርሃን ሲጨምር የነጠላው እጥፋትና የጥበቡ ሥራ ሊጠፋ ይችላል።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። እናቴ ያሰበችው ሁላችንም ነጭ እንድንለብስ ነበር። ሴት አያቴ ግን ባለቤታቸው ካረፉ ገና ዓመት ስላልሞላ ከል ለብሰው ነበር። እናቴ «ለአንድ ቀን ብቻ ነው እማዬ፤ ነጩን ይልበሱልን» ብላ ብትለምናቸው፥ «እኔ ልቅር፤ እናንተ ተነሡ» አሉ። ሲናገሩ አልተቈጡም፤ ነገር ግን ሁላችንም ዝም አልን። «በኋላ እንነሣለን» ስንል ጊዜው አልፎ፥ ወንድ አያታችን ከእኛ ጋራ የተነሡት አንድም ፎቶግራፍ የለምና።

በመጨረሻ አባቴ «ልብስ መለወጥ የማይችል አንድ ሰው ካለ፥ የሚለውጡት ሌሎቹ ናቸው» አለ። ከዚያ ወዲህ ምርጫችን ሁሉ ከአያቴ ከል ተነሣ። ጥቁሩ ብቻውን እንዳይቀር እናቴ ቡናማ ቀሚስ፥ ወንድሜ ግራጫ ሹራብ፥ እኔ ደግሞ ጠቈር ያለ ሰማያዊ ሸሚዝ ለበስን።

ያም ሆኖ ሁለት ስሕተት ሠርተናል። የአባቴ ኮት ቀጫጭን መስመር ያለበት ነበርና፥ በሙከራው ሥዕል ላይ በጨርቁ የሌለ ሞገድ ታየ። ካሜራው ምስሉን የሚቀበለው በረድፍ በተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች ስለ ሆነ፥ የልብሱ መስመርና የነጥቦቹ ረድፍ ሲደራረቡ ሐሰተኛ መስመር ይፈጠራል። አባቴ ኮቱን አውልቆ በሸሚዝ ተነሣ። ታናሽ እኅቴም ደማቅ ቀይ ሹራብ ለብሳ በአያቴ ጕልበት ላይ ስትቀመጥ፥ ከሹራቡ የተመለሰው ብርሃን የአያቴን አገጭ አቀላው። ሹራቡ ወለቀና ከውስጥ በነበረው ደብዛዛ ቀሚስ ተነሣች።

እንግዲህ የተማርሁት በአጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፥ ምርጫው ከሁሉ ያነሰ ምርጫ ካለው ሰው፥ ማለት ከሐዘንተኛው፥ ከሽማግሌው ወይም ከሕፃኑ ይጀመር። ሁለተኛ፥ ልብሶቹ የሚስማሙ ይሁኑ እንጂ እንደ ተማሪ ቤት የደንብ ልብስ አንድ ዐይነት መሆን አያስፈልጋቸውም። ሦስተኛ፥ ቀጭን መስመርና ትልልቅ ጽሕፈት ያለበት ልብስ ይቅር፤ ዐይን ፊትን ከማየቱ በፊት ፊደሉን ያነባልና። አራተኛ፥ ከቀኑ በፊት ልብሶቹን ሁሉ በመስኮት አጠገብ አልጋ ላይ ጐን ለጐን ዘርግታችሁ በስልክ አንሡአቸው፤ የማይስማማው ወዲያው ይታያል። አምስተኛ፥ የሚያጣብቅ አዲስ ልብስ ሥቃዩ በፊት ላይ ስለሚታይ፥ የለመዳችሁትን ልበሱ።

ፎቶግራፉ ታጥቦ በመጣ ጊዜ አያቴ ስለ ልብሱ አንድም ቃል አልተናገሩም። ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው፥ እያንዳንዳችንን በጣታቸው እየነኩ ስማችንን ጠሩ። ለቤተ ሰብ ፎቶግራፍ የሚመረጥ ልብስ ሥራው ይኸው ነው። እናንተም ጓደኞቼ፥ ወላጆቻችሁ «በኋላ» ቢሉአችሁ፥ ያለውን ልብስ አስማምታችሁ አሁን ተነሡ።