ክራርና ኮምፒዩተር

አንድ ከያኒ ከዕለት እንጀራ ሩጫ ለጥቂት ጊዜ አርፎ፣ የሥራ ቦታ ተሰጥቶት አዲስ ነገር እንዲሞክር የሚደረግበት አሠራር አለ። እኛ «የከያኒ ቆይታ» ብለነዋል። በካምፓላ፣ ከሙየንጋ ኮረብታ ግርጌ በካባላጋላ የሚገኘው «32 ዲግሪ ምሥራቅ» ይህን ከሚያደርጉት ማዕከሎች አንዱ ሲሆን፣ ስሙን የወሰደው ከተማይቱ ካለችበት የኬንትሮስ መስመር ነው።

የአገራችን ሙዚቃም በእንዲህ ያለው ቆይታ ተጠቅሟል። ሙላቱ አስታጥቄ በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2007–2008) በአሜሪካ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቆይተው የባህል መሣሪያዎቻችንን ስለ ማዘመን ሠርተዋል፤ ስለ ቅዱስ ያሬድ ከደረሱት ኦፔራም ከፊሉን አሰምተዋል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምም እንግዳ ከያኒ ሆነው፣ ዘመናዊ ክራር ለመሥራት ለተነሡት ባለሙያዎች አማካሪ ነበሩ።

ለመሆኑ ሙዚቀኛው ከመሐንዲሱ ጎን መቀመጡ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱን ለመረዳት አሠራሩን እንመልከት። በክራሩ ላይ የተለጠፈ ትንሽ መሣሪያ የአውታሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ኮምፒዩተሩም ይህን ኤሌክትሪክ ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ እየለካ ቁጥር ያደርገዋል፤ ቁጥሮቹን አስልቶ መልሶ በድምፅ ማጉያ ያሰማል። እዚህ ላይ ሁለት ችግሮች ይነሣሉ።

አንደኛው የቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በ5 ድምፅ የቆሙ ናቸው። ክራር መቺ አውታሩን የሚቃኘው በጆሮው ስለሆነ፣ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ፒያኖ ከተሠራባቸው 12 እኩል እርከኖች ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ይህን የማያውቅ መሐንዲስ ልዩነቱን ስሕተት መስሎት «ሊያርመው» ይችላል። ያን ጊዜ የሚጠፋው የቅኝቱ ለዛ ነው።

ሁለተኛው የመዘግየት ነው። ኮምፒዩተሩ ቁጥሮቹን አጠራቅሞ ስለሚያሰላ ድምፁ ይዘገያል። 441 ቁጥር ቢያጠራቅም መዘግየቱ 0.01 ሴኮንድ ነው፤ ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ይህ ከ3.4 ሜትር ርቀት እንደ መስማት ነው። 4,410 ቢያጠራቅም ግን ርቀቱ 34 ሜትር ይሆናል። መቺው የገዛ ጣቱን ድምፅ ከሜዳ ማዶ እንደሚሰማ ሰው ሆነ ማለት ነው፤ እስክስታ የሚወርደውም ሰው ምቱ ይጠፋበታል። በመድረክ ላይ ይህን ቀድሞ የሚያውቀው የመቺው ጣት ነው።

መምህራን ይህን በትምህርት ቤት ሜዳ ማሳየት ይችላሉ። አንድ ተማሪ 170 ሜትር ርቆ ሁለት እንጨት ያጋጭ። ሌሎቹ ግጭቱን ካዩ ከግማሽ ሴኮንድ በኋላ ድምፁን ይሰማሉ። ቀጥሎም በሩቁ እንጨት ምት እያጨበጨቡ እንዲዘፍኑ ይሞክሩ። ተማሪዎች ሁለቱ ባለሙያዎች በአንድ ክፍል መሥራት ያለባቸው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይረዳሉ።