ተተኪ አልተርኔተር ሲመረጥ፦ ከሁለቱ አኃዞች የትኛው ይቅደም?

የመኪና አልተርኔተር፣ በጋራዥ አጠራር ዲናሞ፣ ሲበላሽ ተተኪው ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው በሁለት መመዘኛዎች ነው፤ በነበረበት ቦታ መግጠሙና የተጻፈበት አምፔር ከቀድሞው አለማነሱ። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው፤ በቂ ግን አይደሉም። በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ባትሪው በተደጋጋሚ ሲደክም ጥፋቱ በባትሪው ላይ ይላከካል፤ ባለቤቱም ደኅናውን ባትሪ ለውጦ ለሁለተኛ ጊዜ ይከፍላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የምርጫው መነሻ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚገኘው ኃይል መሆን እንዳለበት ማሳየት ነው።

አልተርኔተር የሚሰጠው አምፔር በሚሽከረከርበት ፍጥነት ይወሰናል። አይኤስኦ 8854 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሁለት መለኪያዎችን ያስቀምጣል፤ አንደኛው በደቂቃ በ1,500 ዙር፣ ሁለተኛው በ6,000 ዙር የሚገኘው አምፔር ነው። በዚህ መሠረት «40/90» የሚል ጽሑፍ ያለበት አልተርኔተር 90 አምፔር የሚሰጠው በፍጥነት ሲሽከረከር ብቻ ነው።

ለምሳሌ ሞተሩ በሚኒሞ በደቂቃ 750 ዙር ይዞራል፤ የክራንክሻፍቱ ፑሌጃ ስፋት 130 ሚሊ ሜትር፣ የአልተርኔተሩ ደግሞ 65 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። አልተርኔተሩ 1,500 ዙር ይሽከረከራል ማለት ነው። የፊት መብራት፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ የአየር ማራገቢያና የቀሩት ፍጆታዎች በድምሩ 600 ዋት ቢሆኑ በ13.5 ቮልት 44 አምፔር ያህል ይጠይቃሉ። «40/90» የተባለው 4 አምፔር ሲጎድለው፣ በትልቁ አኃዝ የሚያንሰው «50/80» ግን ፍላጎቱን ይሸፍናል። ተተኪው ባለ 75 ሚሊ ሜትር ፑሌጃ ሆኖ ከመጣ ደግሞ ፍጥነቱ ወደ 1,300 ዙር ይወርዳል፤ በ1,500 ዙር የተለካው የመጀመሪያው አኃዝም አይደረስበትም።

ሙቀትም ከግምት መግባት አለበት። ልኬቱ የሚወሰደው በ23 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ በጋለ ሞተር አጠገብ ግን የመዳብ ጥቅሉ ተቃውሞ ጨምሮ አምፔሩ ይቀንሳል። በአዲስ አበባ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ የአየር እፍጋት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ የማቀዝቀዝ አቅሙ ይዳከማል። ስለዚህ ከስሌቱ በላይ መጠባበቂያ መተው ይገባል።

«ትልቅ አምፔር ባትሪ ያቃጥላል» የሚለው ስጋት ግን መሠረት የለውም። ቮልቴጁን የሚወስነው ተቆጣጣሪው ነው፤ አልተርኔተሩም የሚሰጠው የተጠየቀውን ያህል አምፔር ብቻ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ከአልተርኔተሩ ወደ ባትሪው የሚሄደው ሽቦና ፊውዝ አዲሱን አቅም መሸከም መቻላቸው ላይ ነው። በሞተሩ ኮምፒዩተር በሚታዘዙ መኪናዎች ላይም የተቆጣጣሪው ዓይነትና ሶኬቱ ከቀድሞው ጋር አንድ መሆን አለባቸው።

በመጨረሻም ከገጠማ በኋላ ሞተሩን አሙቆ፣ መብራቱንና ማራገቢያውን ከፍቶ፣ በሚኒሞ የባትሪውን ቮልት መለካት ምርጫውን ይፈትናል። ንባቡ ከ13 ቮልት በታች ወርዶ እየቀነሰ ከሄደ፣ የጎደለውን የሚሞላው ባትሪው ነው። ይህ የጥቂት ደቂቃ ፍተሻ ሳይደረግ ባትሪ መለወጥ ምክንያቱን ትቶ ምልክቱን ማከም ይሆናል።