ስማቸው በመዝገብ ያልሰፈረ መምህርት

ይድረስ ለጋዜጣው ክቡር አዘጋጅ፤

ከዚህ በታች ያለችውን አጭር ጽሑፍ በአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የጽሑፌ ምክንያት በይፋት ቆላ፣ በማጀቴ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ ኖረው በጡረታ ላይ ሳሉ በቅርቡ ያረፉት ሴት አያቴ ናቸው። ይሁን እንጂ አሳቤ የራሴን ዘመድ ለማመስገን ብቻ አይደለም። የገጠር መምህራን ሥራ በሰው ልብ እንጂ በመዝገብ ስላልተጻፈ፣ ያወቋቸው ሰዎች ሲያልፉ አብሮ እንዳይጠፋ ለማሳሰብ ነው።

እንደሚታወቀው ስለ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ብዙ ተጽፏል። በስዊስ አገር ተምረው የተመለሱ፣ በጠላት ወረራ ዘመን ተይዘው በኢጣልያ ደሴት የታሰሩ፣ ከነጻነት በኋላም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ ናቸው። በ1950 ዓ.ም. በተከፈተው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት በሕዝብ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ በ2001 ዓ.ም. ዐረፉ። ለእኒህ እመቤት የተጻፈው ሁሉ የሚገባቸው ነው። ነገር ግን በዋና ከተማ አንድ ስንዱ ገብሩ ስትታወቅ፣ በየወረዳው ስንት እናት መምህርት ሳትታወቅ ቀርታለች?

አያቴን ማጀቴ የሚጠራቸው «እትዬ መምህርት» እያለ ነበር። የአገራችን ቆላ የማሽላ አገር ስለሆነ እሸቱ ሲደርስ ልጆች ከማማ ላይ ሆነው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ፤ ትምህርት ቤቱም ይራቆታል። አያቴ ልጆቹን ስለ መቅረታቸው በመቅጣት ፈንታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥላቸውን ይዘው ወደ እርሻው ይወርዱ ነበር። «ማባዣውን ድምፅህን ከፍ አድርገህ በል፤ ወፉም ይሸሻል፣ አንተም ታውቀዋለህ» ይሉት ነበር ይላል፣ ዛሬ ሽማግሌ የሆነ አንድ ተማሪያቸው።

አንዲት ልጃገረድ ሦስት ቀን ከክፍል ስትቀር ደግሞ ነገሩ ምን እንደሆነ ይገባቸዋል። ወደ ወላጆቿ ቤት ይሄዱና ቡና ሲቀርብላቸው ስለ እህሉና ስለ ከብቱ ይጨዋወታሉ እንጂ ጋብቻውን አያነሡም። በረካው ሲደርስ ብቻ «ይህችን ዓመት ትጨርስልኝ» ብለው ይለምናሉ። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ ይመለሳሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ ጋብቻ 15 ዓመትን ይፈቅድ ስለነበር፣ የያዙት ኃይል ልመና ብቻ ነበር። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ዕድሜውን 18 ሲያደርገው፣ «እኔ ዓመት በዓመት ስለምን የኖርሁትን ሕጉ በአንድ ቀን ፈጸመው» ብለው ደስ አላቸው። ሁሉ ጊዜ ግን አልተሳካላቸውም፤ ያላዳኗቸውን ልጆች ስም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱም።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ ቀን ልጆችን፣ ማታ በኩራዝ ብርሃን እናቶችን አስተምረዋል። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች የተካሄደና በዓለም የታወቀ እንደሆነ ይነገራል፤ እኛ ቤት የሚነገረው ግን ስለ አንዲት ጎረቤታችን ነው። እኒህ ሴት በቀበሌ ጽሕፈት ቤት አውራ ጣታቸውን ቀለም እንዲነክሩ ሲጠየቁ፣ እጃቸውን መልሰው «ብዕሩን አምጡልኝ» አሉ። ስማቸውን በጻፉባት በዚያች ዕለት ለአያቴ አንድ ቁና ማሽላ ላኩላቸው።

በቀብራቸው ዕለት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት ወጥቶ አልቅሶላቸዋል። ይሁንና ከለቅሶው በኋላ አያቴ ያስተማሩት ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት እንደሆነ፣ ስንት ልጅ እንዳስተማሩ በትክክል የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። አንዱ እንዲህ ነው ሲል ሌላው አይደለም ይላል። ይህ ሐዘኔን ዕጥፍ አደረገው።

ስለዚህ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በየትምህርት ቤቱ አንድ ወፍራም መዝገብ ይዘጋጅ። በእርሱም ያገለገሉ መምህራን ስም፣ የትውልድ ስፍራ፣ የመጡበትና የሄዱበት ዘመን፣ እንዲሁም ተማሪዎቻቸው የሚያስታውሱት ነገር ይጻፍ። በወላጆች በዓል ቀን የዛሬ ልጆች አሮጌዎቹን ተማሪዎች እየጠየቁ ቢጽፉት፣ ወጪው ከአንድ መዝገብና ከአንድ ብዕር አያልፍም። አሮጌዎቹ ተማሪዎች ግን በየዓመቱ እየቀነሱ ናቸውና ነገ ከማለት ዛሬ መጀመር ይሻላል።

በማጀቴ እኔ ጀምሬአለሁ። በአዲስ አበባም ሆነ በደሴ ወይም በባሕር ማዶ ያላችሁ፣ ከእትዬ መምህርት ዘንድ ፊደል የቆጠራችሁ ወገኖች፣ የምታስታውሱትን አንድ ነገር ጽፋችሁ ለትምህርት ቤታችን እንድትልኩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የልጅ ልጅ
ከማጀቴ