የጡብ ምድጃን ስለ ማደስና ስለ መቀባት

በአዲስ አበባ በቀድሞ ዘመን ከተሠሩት ቤቶች አንዳንዶቹ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ግድግዳ ውስጥ የጡብ ምድጃ አላቸው። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳልና፥ ምድጃው ለጌጥ ብቻ የተሠራ አልነበረም። ዛሬ ግን በብዙው ቤት እሳቱ ጠፍቶ ጡቡ ብቻ ቀርቷል። ፊቱን ጥላሸት አጥቍሮታል፤ መጋጠሚያውም ተሸርሽሯል። ልጆች የአባታቸውን ቤት በወረሱ ጊዜ ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በዚሁ ላይ ነው። አንደኛው ይፍረስ ይላል፤ እኅቱ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ክፍሉ ይብራ ትላለች፤ እናታቸው ደግሞ እኔ በሕይወት ሳለሁ ማንም አይነካውም ይላሉ። ለሦስቱም ምክንያት አላቸው። ነገር ግን ቀለም ቀቢው ከመጠራቱ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ።

ስለ ምድጃ የሚደረግ ክርክር ትንሽ ነገር መስሎ እንዳይታይ፥ ምድጃ በብዙ አገር የቤት መቍጠሪያ እንደ ነበረ ማስታወስ ይበቃል። በእኛም ቋንቋ ጭሰኛ የሚለው ስም ከጭስ የወጣ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1662 በፈረንጅ አቈጣጠር የምድጃ ግብር ተደንግጎ፥ ለእያንዳንዱ ምድጃ በዓመት 2 ሽልንግ ይከፈል ነበር። ሕዝቡ ግን ቈጣሪው ጓዳ ድረስ እየገባ መመልከቱን እጅግ ስለ ጠላው በ1689 ተሻረ።

እንግዲህ የምድጃ እድሳት የሚዠመረው ከፊቱ ሳይሆን ከጕሮሮው ነው። ለዓመታት ሳይነድ በቆየ የጭስ መውጫ ውስጥ ወፎች ጎጆ ይሠራሉ፤ የዝናብ ውሃ ይወርድበታል፤ ጡብም ተሰብሮ ይወድቅበታል። እርጥብ እንጨት ሲነድበት የኖረ እንደ ሆነ ደግሞ እንደ ቅጥራን ያለ ጥቁር ጥቀርሻ በውስጡ ይጋገራል፤ ይህም ጥቀርሻ ራሱ የሚነድ ነገር ስለ ሆነ አንድ ቀን በእሳት ተያይዞ ጣሪያውን ያቃጥላል። ስለዚህ አስቀድሞ ባለሙያ ወጥቶ ከላይ እስከ ታች ይጥረገው። ከዚያ በኋላ በምድጃው ውስጥ ጥቂት ወረቀት አንድዶ ጭሱን መመልከት ነው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከወጣ መልካም ነው፤ ወደ ክፍሉ ከተመለሰ ግን መንገዱ ተዘግቷልና እሳት አይነድበትም።

በዚህ ነገር ጥቂት ልንዘገይ ይገባናል፤ ሰው የሚሞትበት ነውና። ምድጃውን አሳምራለሁ የሚል ሰው ንፋስ እንዳይገባና አቧራ እንዳይወርድ ብሎ የጭሱን መውጫ በሳንቃ ወይም በልስን ይደፍነዋል። ፊቱም ተቀብቶ ያምራል። በክረምት ማታ ብርድ ሲበረታ ግን ከቤተ ሰዉ አንዱ የከሰል ማንደጃ አምጥቶ እዚያው ውስጥ ያስቀምጣል፤ ስፍራው የእሳት ስፍራ ነውና ማንም አይጠረጥርም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዘኛ አየር ቀለምም ሽታም የለውም። የነቃውን ሰው ራሱን ያሳምመዋል፥ ያዞረዋል፥ ያቅለሸልሸዋል፤ የተኛው ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ እንደ ተኛ ይቀራል። ስለዚህ መውጫው የተደፈነ ምድጃ አበባ ወይም መጻሕፍት ይቀመጥበት እንጂ ፍም አይግባበት። ቤቱን ለሌላ ያከራየ ወይም የሸጠ ሰውም ይህንኑ ለሚገባው ሰው አስቀድሞ ይንገር።

ጕሮሮው ደኅና መሆኑ ከታወቀ በኋላ ወደ ፊቱ መምጣት ይቻላል። ጡብ ውሃ የሚጠጣ ነገር ነው። ከላይ የገባው ዝናብ በውስጡ አልፎ ሲደርቅ የጡቡን ጨው ይዞ ይወጣና በፊቱ ላይ እንደ አመዳይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ይህ ነጭ ነገር የታየበት ጡብ ገና እርጥበት አለውና በላዩ ቀለም ቢቀባ ጨው ከውስጥ ገፍቶ ይልጠዋል። አስቀድሞ የጭስ መውጫው ራስ ክዳን ይበጅለት፤ ከዚያም ክረምቱ አልፎ ጥቅምትና ኅዳር እስኪያደርቁት መታገሥ ነው። ጨው በደረቅ ቡርሽ ይጠረጋል፤ ጥላሸቱ ደግሞ በሞቀ ውሃና በሳሙና ታሽቶ፥ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፥ ብዙ ቀን ይደርቃል። መጋጠሚያው የተሸረሸረ እንደ ሆነ በአሮጌውና በለስላሳው ጡብ መካከል የኖራና የአሸዋ ልውስ ይሻላል፤ ብርቱ ሲሚንቶ ከጡቡ ይልቅ ይጠነክርና የጡቡን ጠርዝ ይሰብራል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። ጡብን በዘይት ቀለም መቀባት ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው። ቀለሙ በጡቡ ቀዳዳ ውስጥ ይገባና ኋላ ቢጸጸቱ ተፍቆ አይጠራም። በአሸዋ ግፊት እናውጣው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ጡብ በእቶን ሲጠበስ ያገኘው ብርቱ ቆዳ አብሮ ይገፈፋል፥ ከዚያም ወዲያ ይፈረፈራል። የኖራ ቅብ ግን ከዚህ የለዘበ ነው። ኖራው እንደ ወተት ቀጥኖ፥ ጡቡ በውሃ ረጠብ ተደርጎ፥ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ በስሱ ይቀባል፤ በየመካከሉ አንድ ቀን ያህል ይቆያል። አየሩን እየጠጣ ተመልሶ እንደ በሃ ድንጋይ ይጠነክራል፤ የጡቡንም እርጥበት አያፍንም። ሁለት ጊዜ ብቻ ቢቀባ የጡቡ መልክ በስሱ ስለሚታይ፥ ክፍሉ እንዲበራ ለምትሻው ልጅም የባልዋን ምድጃ ለምትጠብቀው እናትም የሚስማማ ይመስለናል። ቀቢው ግን ዓይኑን ይጠብቅ፤ ኖራ ዓይን ያቃጥላል። ደግሞም አስቀድሞ ቀለም በተቀባ ጡብ ላይ ኖራ አይይዝም።

ቀለም የግድ ከተባለ የውሃ ቀለም ለውጭው ፊት ይሆናል። ለዚህም ቀላል ፈተና አለ፤ እሳቱ በብርቱ ሲነድ ከአፉ በላይ ባለው ጡብ ላይ መዳፍን ማኖር ነው። መዳፍ የማይችለውን ሙቀት ተራ ቀለምም አይችለውም። እሳቱ የሚነድበት ውስጠኛው ክፍል ግን በተራ ቀለም ፈጽሞ አይቀባም፤ እስከ 600 ዲግሪ የሚችል መሆኑ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈበት ካልሆነ እንዳለ መተው ይሻላል። በአሜሪካ ተወልዶ የባቫርያን መንግሥት ያገለገለው ኮንት ራምፎርድ በ1796 በፈረንጅ አቈጣጠር ስለ ምድጃ ባሳተመው ጽሑፍ፥ ጕሮሮው እንዲጠብ፥ የጎኑም ግድግዳ ወደ ክፍሉ ዘመም እንዲል፥ ውስጡም በኖራ ነጭ እንዲሆን መክሯል፤ ነጭ ነገር ሙቀትን ወደ ሰው ይመልሳል፥ ጥቁር ግን ይውጠዋል ብሎ። ጥላሸቱ በየጊዜው ስለሚያጠቍረው ግን ትጉህ የቤት እመቤት ትፈልጋለች።

አስቀድሞ በዘይት ቀለም የተቀባ አሮጌ ምድጃ የገጠመው ሰው በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍገው። በቀድሞ ዘመን ቀለም ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበር፤ በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው በ1978 ነው። ብናኙ የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳልና እየረጠበ ይፋቅ፥ ልጆችም ከቤት ይራቁ።

ከላይ የሚቆመው የእንጨት መደርደሪያ ከእሳቱ አፍ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። በምድጃው ፊት ያለውም ወለል እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ድረስ ድንጋይ ወይም ጡብ ይሁን፤ ምንጣፍ አይድረስበት። የባሕር ዛፍ ፍልጥ ሲነድ ፍንጣሪው ሩቅ ይዘላል። ቅቡ ካለቀ በኋላ ጥቂት ቀን ቆይቶ፥ የመጀመሪያው እሳት በትንሽ ጭራሮ፥ መስኮቱ ተከፍቶ ይነድ።