አፍላቶክሲንና ጉበት፦ መርዝን የማስወገድ ጥረት ወደ ካንሰር የሚያመራው እንዴት ነው?

ጉበት በደም አማካይነት የሚደርሱትን መርዛማ ንጥረ ነገሮች የመለወጥና የማስወገድ ኃላፊነት ያለበት የሰውነት ክፍል ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ ኬሚካሎች ይበልጥ አደገኛ የሚሆኑት በዚሁ በጉበት ውስጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ አንዱ የሆነውን አፍላቶክሲን ቢ1ን እንመለከታለን፤ ምንጩ ከጎተራችንና ከከብቶቻችን መኖ የራቀ አይደለምና።

አፍላቶክሲን አስፐርጊለስ ፍላቨስ የተባለው ሻጋታ በበቆሎ፣ በለውዝ፣ በበርበሬና በቅባት እህሎች ላይ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ሊታወቅ የቻለውም እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉ ዶሮዎች በተመረዘ የለውዝ ፋጉሎ ምክንያት ካለቁ በኋላ ነው።

በጉበት ሴል ውስጥ

አፍላቶክሲን በስብ የሚሟሟ በመሆኑ በቀላሉ በሽንት አይወጣም። ስለዚህ ሳይቶክሮም ፒ450 የተባሉት ኤንዛይሞች ኦክስጅን ይጨምሩበታል። በዚህ ጊዜ ኢፖክሳይድ የተባለ፣ ካገኘው ሞለኪውል ጋር በፍጥነት የሚጣበቅ ውሁድ ይፈጠራል። ከዚህ በኋላ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ግሉታታዮን በኤንዛይም ረዳትነት ከኢፖክሳይዱ ጋር ተጣምሮ እንዲወገድ ሲያደርገው ነው። ሁለተኛው ኢፖክሳይዱ በዲኤንኤ ውስጥ ከሚገኘው ጉዋኒን ጋር ሲጣበቅ ነው። የቤት አይጥ መርዙን ስትቋቋም አይጠ መጎጥ በቀላሉ በጉበት ካንሰር የሚጠቃው፣ የመጀመሪያዋ ኢፖክሳይዱን ከግሉታታዮን ጋር የሚያጣምር እጅግ ብርቱ ኤንዛይም ስላላት ነው።

ጉዳቱ ሳይጠገን ሴሉ ከተከፈለ ስሕተቱ ቋሚ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆኑ ጥናቶች በቻይናና በደቡባዊ አፍሪካ ሕሙማን ዕጢ ውስጥ የሴልን ዕድገት በሚቆጣጠረው የፒ53 ዘረመል 249ኛ ኮዶን ላይ ጉዋኒን በታይሚን ተተክቶ አገኙ። ሔፓታይተስ ቢ ሲታከልበት ደግሞ የሞቱትን ለመተካት ሴሎች ቶሎ ቶሎ ስለሚከፈሉ አደጋው ይባባሳል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የሻንጋይ ጥናት ሁለቱም ባሉበት ሰው ላይ የጉበት ካንሰር ዕድል ወደ 59 እጥፍ እንደሚያድግ አሳይቷል።

በእኛ አካባቢ

ደብረ ታቦርና የጉና ተራራ ዙሪያ ደጋ በመሆናቸው ሙቀት ለሚወደው ለዚህ ሻጋታ ብዙም አይመቹም። ነገር ግን በሚገባ ሳይደርቅ የተከተተ እህል በጎተራ ውስጥ ይሞቃል፤ ወደ ጣና ዝቅ ባለው የፎገራ ሜዳም የአየሩ ሙቀት ይጨምራል። የከብት መኖም ከቦታ ወደ ቦታ ይጓጓዛል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም ላይ አፍላቶክሲን ኤም1 አግኝቷል፤ ዋናው ምንጭም የኑግ ፋጉሎ ነበር። ኤም1 የላሟ ጉበት መርዙን ለማስወገድ ሲጥር የሚፈጥረው ውጤት ነው።

መርዙ በመቀቀልም ሆነ በመጋገር ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ስለሆነም መከላከያው ያለው ከምጣዱ ላይ ሳይሆን ከአውድማው ነው። በቆሎን እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች እስኪሆን ማድረቅ፣ የሻገተውን ለጠላም ሆነ ለከብት አለማዋል፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በአገራችን ለሕፃናት የሚሰጠውን የሔፓታይተስ ቢ ክትባት ማስከተብ ያስፈልጋል። እነዚህ ሲሟሉ በጉበት ውስጥ ያለው ትግል ገና ከመጀመሩ በፊት ይቃለላል።