የዳታቤዝ ግንኙነት ቋት

የዳታቤዝ ግንኙነት ቋት፣ በሌላ አጠራሩ ኮኔክሽን ፑል፣ ሰርቨር ከፍቶ የሚያቆያቸውና ፕሮግራሞች በየተራ እየተዋሱ የሚመልሷቸው የዳታቤዝ ግንኙነቶች ስብስብ ነው። በጃቫ በሚሠሩ የድረ ገጽ ፕሮግራሞች ዘንድ በሰፊው ይሠራበታል።

አስፈላጊነቱ

አዲስ ግንኙነት ለመክፈት በኔትወርክ መገናኘትና የይለፍ ቃል ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ፖስትግሬስኪውኤል ደግሞ ለእያንዳንዱ ግንኙነት ለብቻው አንድ ፕሮሰስ ያስነሳል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ይህን ሁሉ መድገም ሥራን ያዘገያል። ቋት ካለ ግን የተከፈተው ግንኙነት ደጋግሞ ያገለግላል።

በኢትዮጵያ

የጤና ሚኒስቴር የአገሪቱን የጤና ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 በጃቫ የተጻፈ ነጻ ሶፍትዌር ነው። የሚሠራው በቶምካት ሰርቨርና በፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ ሲሆን፣ በራሱ ማዋቀሪያ ፋይል የቋቱ ከፍተኛ መጠን በነባሪነት 80 ነው። ወርሃዊ ሪፖርት ብዙ ተቋማት በተቀራራቢ ቀናት የሚልኩት በመሆኑ ጫናው በአንድ ጊዜ ይመጣል። በዋግ ኽምራ ዞን፣ ለምሳሌ በሰቆጣ ወይም በጽጽቃ ያለ የጤና ባለሙያ፣ ኔትወርክ ያገኘባት አጭር ሰዓት ግንኙነት በመጠበቅ ካለፈች ሪፖርቱ ለሌላ ቀን ያድራል።

በቶምካት አዋቀሩ

የዳታቤዙ ጄዲቢሲ ድራይቨር በቶምካት ሊብ ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ፕሮግራም ብቻ የሚጠቀምበት ቋት በኮንቴክስት ፋይል ይገለጻል። ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩት ግን በሰርቨር ፋይል ውስጥ አንድ ጊዜ ተገልጾ፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም በሪሶርስ ሊንክ አማካይነት ይያያዝበታል። ፕሮግራሙ ቋቱን የሚያገኘው ጄኤንዲአይ በሚባለው የስም መዝገብ ነው። ስለዚህ የይለፍ ቃል በፕሮግራሙ ኮድ ውስጥ መጻፍ አያስፈልግም።

ዋና ዋናዎቹ ቅንብሮች የሚከተሉት ናቸው፦

• ማክስ ቶታል፦ በአንድ ጊዜ ሊከፈቱ የሚችሉ ግንኙነቶች ብዛት። በቶምካት ነባሪው ቋት 8 ነው።
• ማክስ አይድል፦ ሥራ ፈትተው በቋቱ ውስጥ ሊቆዩ የሚችሉ ግንኙነቶች ብዛት። ይህም በነባሪነት 8 ነው።
• ማክስ ዌት ሚሊስ፦ ግንኙነት ለማግኘት የሚጠበቅበት ጊዜ በሚሊሰከንድ። ነባሪው −1 ሲሆን ያለ ገደብ መጠበቅ ማለት ነው።

መጠን አወሳሰን

የፖስትግሬስኪውኤል ነባሪ የግንኙነት ገደብ 100 ሲሆን፣ ከእነዚህ 3ቱ ለአስተዳዳሪ የተያዙ ናቸው። እያንዳንዳቸው 40 ግንኙነት የሚፈቅዱ ሦስት የተለያዩ ቋቶች በአንድ ዳታቤዝ ላይ ቢሠሩ ድምሩ 120 ይሆናል፤ ጫና ሲበዛ ከ97 በላይ የሆኑት ይከለከላሉ። ሦስቱ ፕሮግራሞች 90 ግንኙነት ያለውን አንድ ቋት ቢጋሩ ግን ትርፉ ጥያቄ ተራውን ይጠብቃል እንጂ በዳታቤዙ አይከለከልም። ሆኖም አንዱ ፕሮግራም ቋቱን ከጨረሰው ሌሎቹም ይቆማሉ። ገደቡን ዝም ብሎ ማሳደግም መፍትሔ አይደለም፤ እያንዳንዱ ግንኙነት የሰርቨሩን ሜሞሪ ይወስዳልና።

የተለመዱ ችግሮች

ከሁሉ የሚከፋው ፍሳሽ ነው፦ ፕሮግራሙ የተዋሰውን ግንኙነት ሳይመልስ ሲቀር ቋቱ ቀስ በቀስ ባዶ ይሆናል። ሰርቨሩን ማስነሳት ችግሩን ለጊዜው ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ዋናው መፍትሔ በኮዱ ውስጥ ግንኙነቱን ሁልጊዜ መዝጋት ነው፤ በቋት ውስጥ መዝጋት ማለት መመለስ ነው። ቶምካት ለረጅም ጊዜ ያልተመለሱትን እንዲያስመልስና ኮዱ የት እንደወሰዳቸው በመዝገብ እንዲጽፍ ማዘዝም ይቻላል።