የመንዝ ሴት መቼ ታርፋለች?

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ገበሬው ዘመኑን የሚቈጥረው በክረምትና በበጋ ብቻ ሳይሆን በበዓላትም ነው፤ ሰንበት ሲገባ፣ ወይም በየወሩ 12 የሚካኤል፣ 21 የማርያም፣ 27 የመድኃኔ ዓለም፣ 29 የበዓለ ወልድ መታሰቢያ ሲደርስ፣ ቀንበሩ ይሰቀላል፣ በሬው በመስኩ ይሰማራል፣ አባወራውም ቅዳሴ አስቀድሶ ከማኅበርተኞቹ ጋር ይውላል። አገልጋይና ከብት ሳይቀሩ እንዲያርፉ ያዘዘውን የኦሪት ሕግ ጠብቆ መቆየት ለዚህ ሕዝብ ታላቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን በዚያው ቤት፣ በዚያው በዓል፣ እመቤቲቱ አርፋለች ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በዓል መፍጨትንና መፍተልን ይከለክላል፤ መብላትን አይከለክልም። ስለዚህ የሴቲቱን ሥራ አያስቀርላትም፤ ወደ ዋዜማው ሌሊት ይገፋባታል እንጂ። የደጋው እንጀራ የገብስ ነው፤ ገብስም ከነገለባው የሚፈጭ እህል ስላይደለ፣ ውሃ ነክቶት በሙቀጫ ይፈተጋል፣ በሰፌድ ይነፈሳል፣ በፀሐይ ይሰጣል፣ ወደ ወፍጮ የሚደርሰውም ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የጽዋ ተራ የደረሰ እንደ ሆነ ደግሞ ብቅሉን ማብቀል፣ ጌሾውን መውቀጥ፣ አሻሮውን መቍላት፣ ጋኑን ማጠን፣ መጠንሰስና መደፍደፍ ከበዓሉ ብዙ ቀን አስቀድሞ ይጀመራል፤ ማኅበሩ ግን የሚጠራው በባልየው ስም ነው። የሞተር ወፍጮ መምጣቱ የመጁን ድካም በእጅጉ አቃልሏል፤ እህሉን ተሸክሞ ገደሉን መውረድና መውጣት፣ ተራም መጠበቅ ግን አሁንም በአብዛኛው የእርሷ ድርሻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ነገሩን የሚገልጠው የባናው ሥራ ነው። መንዝ በበጉ ጠጕር የታወቀ አገር ነው፤ ብርድ የሚጸናበት ደጋ በመሆኑም ባናና ዝተት የቤቱ መከታ ብቻ ሳይሆን የገበያውም ገንዘብ ናቸው። ጠጕሩን አጥባ፣ አባዝታ፣ በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ናት፤ የሚሸምነው ወንድ ነው። ለአንድ ባና የሚበቃው ፈትል ከሽመናው ይልቅ እጅግ ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ነገር ግን ሴቲቱ የምትፈትለው በእሳት ዳር፣ ልጅ እያጠባች፣ ጐረቤት ልትጠይቅ ሄዳም እያወጋች ስለ ሆነ፣ ሥራዋ ከጨዋታ ተቈጥሮ ይቀራል። ሸማኔው መወርወሪያውን ሲያስቀምጥ ያርፋል፤ ፈታይቱ ግን እንዝርቷን የምታስቀምጠው ሊጥ ልታቦካ ነው። ባናው መሐል ሜዳ ገበያ ወጥቶ ሲሸጥም ገንዘቡን የሚቀበለው አባወራው ነው፤ ይህን እኔ እንደ ፍትሕ ልቈጥረው አልችልም።

ሕጉም ቢሆን ይህን ልማድ ሲያጸና ኖሯል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ646ኛው ቍጥሩ፣ ባል አገልጋይ ሊያቆምላት ያልቻለች ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያስገድዳት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የፌዴራሉ፣ በ1995 ዓ.ም. የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕጎች ባልና ሚስትን በትዳር አስተዳደር እኩል አድርገው ድንጋጌውን ሻሩት፤ ልማዱ ግን ከሕጉ ጋር አልተሻረም። በ2005 ዓ.ም. ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በኢትዮጵያ የመጀመሪያ የሆነውን የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ማካሄዱም፣ የሰው ቀን እንዴት እንደሚያልፍ በሰዓት ተመዝግቦ እንዲታይ ስላስቻለ፣ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የዓለም የሥራ ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ከ64 አገሮች በሰበሰበው መረጃ ያለ ክፍያ ለሚሠራው የቤትና የእንክብካቤ ሥራ ሴት በአማካይ በቀን 4 ሰዓት ከ25 ደቂቃ፣ ወንድ 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ እንደሚሰጡ አሳይቷል። የአገር ምርት ሲሰላም የተሸጠው ባና ይገባል፤ ለቤተሰብ የተጋገረው እንጀራ አይገባም።

ወንዱ በእርሻና በአጨዳ ወራት የሚደክመው ድካም የሚናቅ አይደለም፤ በውርጭ ማለዳ ቍልቍለቱን ያረሰ ሰው ዕረፍት ይገባዋል። የምለው ዕረፍቱ በሌላ ሰው ሌሊት አይገዛ ነው። በበዓል ቀን ውሃ መቅዳትና እሳት ማንደድ ለሴት ካልተከለከለ፣ ለወንድ የሚከለክለው ቀኖና የለም፤ የሚከለክለው ጀሪካን አዝሎ ከምንጭ ሲመለስ ሴታሴት እንዳይባል የሚፈራው እፍረት ነው። ይህንንም እፍረት ከቄሱና ከሽማግሌው በቀር ሊያነሣው የሚችል የለም፤ እነርሱ በሰንበት ቀን ራሳቸው ጀሪካኑን ቢያነሡ፣ ጐረምሳው ነገ ሳያፍር ይከተላቸዋል።